ፈረሱ ልክ ነው

ባለፈረሱን ቼዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንኳ በዚሁ ስሙ ነው የሚጠራው። ሙያው መነጽር መሥራት ነበር። የሱቁ በር ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ ደንበኛው ግን ያን ስም አንብቦት አያውቅም፤ ማንበብ ቢችል ኖሮ መነጽር ፍለጋ መች ይመጣ ነበር? «የት አሠራኸው?» ሲሉት «ባለፈረሱ ጋ» ይላል። ይኸን ስም ያወጣለት አንድ የቼዝ እርምጃ ነው። በአንድ እርምጃ ስም ይገኛል ወይ ለሚል፣ አዎ ይገኛል፤ ዘንድሮ ደግሞ በዚያው እርምጃ ስሙን ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ክለቡ ከብስክሌት መጠገኛው በላይ ያለ አንድ ክፍል ነበር። ክለብ ይባል እንጂ ግማሹ ወንበር ይንገዳገዳል፣ መስኮቱ ወይ አይከፈትም ወይ አይዘጋም፣ የላስቲክና የግራሶ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ከሰው ቀድሞ ይቀመጣል። ባለሁለት ፊቱ የጨዋታ ሰዓት በአንደኛው ፊቱ ይሮጣል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ማን ይቀመጥ የሚለው ክርክር ከጨዋታው ይረዝም ነበር። ከሥራ የወጣ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል፤ ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ የሒሳብ አስተማሪው ጣቱ ጠመኔ እንደነካ። ሻይ ከትልቅ ፔርሙስ ይቀዳል። ስኳሩ ሁልጊዜ ከሥር ስለሚተኛ ሁሉም የመጨረሻውን ብርጭቆ ይመኛል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ጨዋታ ሲያልቅ ተጨባብጦ መሄድ የለም። ጠጠሮቹ እንደገና ይደረደሩና ጨዋታው ከመጀመሪያው ይታያል፤ የት ተበላሸ፣ ማን አጠፋ፣ ምን ቢደረግ ይተርፍ ነበር። ይኸን «ችሎት» ይሉታል። በችሎት ሁሉም ምስክር ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይጮኻል። መጨረሻ ላይ «ዳኛው» የሚሉት ሰው ይበይናል። ዳኛው የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው እንጂ የፍርድ ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲሟገት ስለሚውል ማታ ማንም አይረታውም። «እርምጃው ልክ ነው» ካለ ልክ ነው፤ መዝገቡ ተዘጋ።

የችሎቱ ዋና ነገረኛ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ነበር፤ «ብልጭታ» ይሉታል። ነገር በሆዱ አያድርም። የሰው ስህተት አይቶ ዝም ማለት እንደ ቁርጠት ነው የሚይዘው። በገዛ ሠርጉ ዕለት ስለ አንድ የቼዝ ግንብ አካሄድ ከሚዜው ጋር ተጣልቶ፣ ሙሽሪት ናት መሃል ገብታ ያስታረቀቻቸው።

ባለፈረሱ ገና ይኸ ስም ሳይወጣለት ሚስቱ ሞተችበት። እግሯ ያልጠና ሴት ልጅ ትታለት ነው የሞተችው። ሱቁን ዘጋ። የሰው መነጽር ሳይሠራ ተቆለለ። ክለብ ይመጣል፣ ልጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ፊቱ አንድ ነው። ጓደኞቹ የሚሉት ቢጠፋቸው ሻይ ብቻ ይቀዱለታል፤ ያውም የመጨረሻውን ብርጭቆ።

በዚያው ዓመት ከሩቅ አገር አንድ ስመ ጥር የቼዝ ሊቅ ለጉብኝት መጣ። አስተማሪው ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ለአንድ ጨዋታ ክለብ አመጣው። ማን ይግጠመው ተብሎ ዕጣ ሲወጣ ለመነጽር ሠሪው ደረሰው። ነጭ ሆኖ ተቀመጠ። በጨዋታው መሃል ፈረሱን አነሳና ከሊቁ ንጉሥ አፍንጫ ሥር፣ ንጉሡ በነጻ ሊበላው በሚችልበት ቦታ አስቀመጠው። ሊቁ ኮቱን አወለቀ፣ አገጩን ይዞ ብዙ አሰበ። ቢበላው ንጉሡ ከቤቱ ወጥቶ እሜዳ መሃል ብቻውን ሊቀር ነው፤ ይኸን ማን ይደፍራል? አልበላውም። ንጉሡን ወደ ጥግ አሸሸው፤ እዚያው ጥጉ ላይ ሞተ።

ወዲያው ችሎት ተቀመጠ። ጠጠሩ ተደረደረ፣ ተጮኸ፣ ተንጫጩ። ዳኛው ተነስቶ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና «ፈረሱ ልክ ነው!» ብሎ በየነ። ባለፈረሱ ከሚስቱ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ዞሮ ልቅሶ ሆነ፤ ዳቦ ጋጋሪው አቅፎት ዱቄት በዱቄት አደረገው። በማግስቱ ሱቁ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ያን ጨዋታ ለስንት ሰው ተረከው! አዲስ ሰው ክለብ በመጣ ቁጥር ጠጠሩን ይደረድራል። ልጁን ሲያስተኛት እንኳ በተረት ፈንታ የሚነግራት እሱኑ ነው፤ ልጅቱ ፊደል ሳትቆጥር ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ያዘችው። ትረካው ሲጀመር የሚነሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብልጭታ። ወጥቶ ደረጃው ላይ ያጨሳል፣ ትረካው ሲያልቅ ይመለሳል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ባለፈረሱ ታገሰ፣ ታገሰና አንድ ቀን በሰው ፊት «ምቀኝነት አላስቀምጥ አለህ፣ አይደል?» አለው። ለአንድ ቃል አሥር የሚመልሰው ብልጭታ ኮፍያውን አንስቶ ወረደ፤ ክለቡን ዳግመኛ አልረገጠም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር። ብልጭታ ሲሞት ባለፈረሱ ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆሞ ተመለሰ፤ የሟቹን ሚስት ቀርቦ እንኳ አላጽናናትም። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ ነው፤ ሬሳ እንኳ አያስታርቀውም።

ክለቡን ያፈረሰው ግን ማሽን ነው፤ እግዜር ይይለት። መጀመሪያ ሲመጣ ቼዝ የሚጫወት፣ የጫማ ሳጥን የሚያህል ነገር ነበር፤ አንድ ነጋዴ ገዝቶ አመጣው። የሰጡትን ሁሉ ይበላል። ወታደር ሲሰጡት ይበላል፣ ፈረስ ሲሰጡት ይበላል፣ በመጨረሻ በሆዱ ይሞታል። «ሆዳሙ» ብለው ስም አወጡለት። ከሥራ ደክሞት የመጣ ሰው እሱን አሸንፎ ይዝናናል። ዳኛውም «ይኸ የዓለም ሻምፒዮንን የሚያሸንፈው ድንጋይ ሲያብብ ነው» ብሎ በየነ።

ዓመት ዓመትን ተካ፤ ሆዳሙ ጾም ጀመረ። የሰጡትን ትቶ ያልሰጡትን መፈለግ አመጣ። ከዚያ አንድ ቀን ሬዲዮው የዓለም ሻምፒዮን በማሽን መረታቱን ተናገረ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያነሳውን ጠጠር እንደያዘ ቀረ። «ሰውየው ደክሞት ነው» አለ አስተማሪው። «እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል» አለ ዳቦ ጋጋሪው። አንዱም የተናገረውን አላመነም፤ ፔርሙሱ ሳይከፈት ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ቆይቶ ማሽኑ ኪስ ገባ። ችሎት ሲቀመጥ አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «እዚህ ጋ ነው የተበላሸው» ይላል፤ ክርክሩ ሻይ ሳይቀዳ ያልቃል። ጩኸት የሌለበት ችሎት ለማን ይጥማል? ሰው እየሳሳ ሄደ። ሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ ተራ በተራ ሞቱ። ያ ክፍል ዛሬ የጎማ ማከማቻ ነው፤ ባለፈረሱ በዚያ በኩል ካለፈ መስኮቱን ላለማየት ወደ ማዶ ይሻገራል።

ዘንድሮ ለልደቱ ልጁ ስልክ ገዛችለት። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ብቻውን መዋሉ ያሳስባታል።

«አባዬ፣ ጓደኛ አምጥቼልሃለሁ» አለችው። «ቼዝ ይጫወታል፣ አይጮኽም፣ ሻይ አይጠጣም።»

«አይጮኽም? ታዲያ ምኑን ቼዝ ተጫወተ?» አለና ጀመረ። ተሸነፈ። ደገመ፤ ባሰበት። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ኧረ ይኸ ጨካኝ ነው! ሰው ትንሽ እንኳ አያስተነፍስም?»

«አንተን ብቻ እንዳይመስልህ። የዛሬው የዓለም ሻምፒዮንም ይኸን ስልክ አይችለውም። አሁንማ መግጠሙንም ትተውታል፤ ሰው ከመኪና ጋር ሩጫ ይገጥማል? ሻምፒዮኖቹ ራሳቸው ሲሳሳቱ የሚታረሙት በእሱ ነው።»

«የኔን ፈረስ ግን አላየም» አለ ባለፈረሱ። ዓይኑ በራ። «አስገቢለት እስቲ። ይማርበት።»

ልጅቱ አንድም ሳትጠይቀው በቃሏ ታስገባ ጀመር። ስልኩ ላይ በሰሌዳው ዳር አንድ ዘንግ ይታያል፤ ነጭ ሲመራ ነጩ ከፍ ይላል፣ ጥቁር ሲመራ ይወርዳል። ነጩ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ። ፈረሱ ሲቀመጥ ቁልቁል ተምዘገዘገ። ልጅቱ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ቻርጁ አለቀ መሰለኝ።»

«ዕድሜዬን የሰው ዓይን ሳቀና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አየሁት። ምን ይላል?»

«ተወው አባዬ።»

«ምን ይላል አልኩሽ!»

«ንጉሡ ይብላው ይላል» አለች ቀስ ብላ። «በልቶት ወደ መሃል ይውጣ፤ ከዚያ የሚይዘው የለም ይላል። ፈረሱ… ስህተት ነው ይላል።»

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሞከረ። ንጉሡን በግንብ አሳደደው፣ በንግሥት አሳደደው። የማሽኑ ንጉሥ ገበያ እንደሚወጣ ሰው እየተንጎራደደ በመሃል ሜዳ አለፈ። ለካ ሊቁ ያልበላው ፈርቶ ነው፤ ማሽን ደግሞ ምን ሆኖ ይፈራል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ግን ምነው በዚህ ዕድሜ! ባለፈረሱን ያንገበገበው መሳሳቱ አልነበረም። ያ ፈረስ ከሚስቱ መቃብር ዳር ያነሳው፣ ሱቅ ያስከፈተው፣ ልጁን ያሳደገበት ነገር ነው። እሱ ውሸት ከሆነ በምን ቆሜ ኖርኩ አለ። ምሳውንም አልበላ፤ ልጁ ብትለምነው «ዳኛው ቤት ውሰጂኝ» አላት።

ዳኛው ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ከልጁ ጋር ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ይቆጣጠራል።

«ይግባኝ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ባለፈረሱ ሳይቀመጥ። «ስለ ፈረሱ። ማሽኑ…»

«ንጉሡ በልቶት ወደ መሃል ይወጣል፣ አይደል?» አለ ዳኛው።

«ማን ነገረህ?»

«ያኔውኑ ነው የማውቀው። ቁጭ በል፤ አንገቴን አታሳምመኝ።» ዳኛው ብርድ ልብሱን ሳበ። «ችሎቱ ሳይነሳ ነው የታየው። መጀመሪያ ያየው ብልጭታ ነው፤ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ‹ይብላው፣ ንጉሡ ይውጣ› አለኝ። ቀና ብዬ አየሁህ። ልጅህ የተበላ ወታደር አፏ ውስጥ ከታ ታላምጣለች፤ አንተ ደግሞ ወዝህ መለስ ብሎ፣ ልትስቅ ምንም አልቀረህም። ምን ልበል? ፈረሱ ልክ ነው አልኩ። አውቄ የዋሸሁት ፍርድ ያ ብቻ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ውለው አድረው እነሱም አዩት። ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ አስተማሪው መጣ። ዝም በሉ አልኳቸው፤ ዝም አሉ። ሆድ ከአገር ይሰፋል።»

«ስትስቁብኝ ነዋ የኖራችሁት!» ባለፈረሱ ተነሳ። «በየጊዜው ስደረድር፣ ስተርክ፣ እናንተ በልባችሁ…»

«ማን ሳቀብህ? አንድ ሰው ሲስቅ አየህ? ስለ አንድ ወታደር አንገት ለአንገት የምንተናነቅ ሰዎች እኮ ነን፤ ያንተ ፈረስ ሲነሳ ግን አፋችንን ይዘን ሰማንህ። የከፋው ብልጭታ ነው። ‹ከተቀመጥኩ ያመልጠኛል፤ አፌን አውቀዋለሁ፣ ልውጣ› ይለኝ ነበር። ለዚያ ነው የሚወጣው፣ ላንተ ሲል። ሲጋራ መውደዱ መሰለህ? ደረጃው ላይ ነው ማጨስ የለመደው።»

ባለፈረሱ ተመልሶ ተቀመጠ። «ምቀኛ አልኩት እኮ» አለ። «በሰው ፊት። ምነው ያኔ አልነገርከኝም?»

«ብልጭታ አስምሎኛል። ልነግርህ ብመጣ ሁሉንም መንገር ነበረብኝ፤ ‹ምቀኛ ይበለኝ፣ ፈረሱን ግን እንዳትነኩበት› አለኝ።»

ባለፈረሱ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ማሽኑ ቢያንስ አይዋሽም» አለ በመጨረሻ።

«አይዋሽም። ማን እንደሞተብህ ግን አያውቅም» አለ ዳኛው፤ «አሁን ተነስ፤ የት እንደምትሄድ ታውቀዋለህ።»

የብልጭታ ሚስት እዚያው በድሮ ቤቷ ናት። የልብስ ስፌት መኪናዋ በተማሪ ዩኒፎርም ተከቧል። በሩን ከፍታ ባለፈረሱንና ልጁን ስታይ አልተደነቀችም፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ግቡ» አለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። «ዘግይቻለሁ።»

«በጣም ዘግይተሃል። ተቀመጥ።»

ዳኛው የነገረውን ሁሉ ነገራት። ምቀኛ ማለቱን፣ ቀብሩ ላይ ከኋላ መቆሙን፣ አንድም አላስቀረም። እሷ ዩኒፎርሙን ጭኗ ላይ እያጠፈች ሰማችው።

«እኔ ይኸን ሁሉ አውቀዋለሁ» አለች። «አንተ የማታውቀውን እኔ ልንገርህ። ክለብ ከተወ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ያንን ያንተን ጨዋታ ይደረድረዋል። ንጉሡን መሃል ያወጣና ያሳድደዋል። ራቱ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እቆጣለሁ። ‹ይኸ ፈረስ መንገድ አለው፤ እኔ አላየሁት እንጂ አለው› ይላል። ምቀኛ ያለህ ሰው ምን ያደርግልሃል ስለው፣ ‹ያገኘሁት ቀን በሩን አንኳኩቼ፣ ፈረስህ በእውነት ልክ ነው፣ አሁን ከልቤ ነው የምልህ እለዋለሁ› ይለኛል። ታሞ እንኳ ሰሌዳውን አልጋው ላይ ያስመጣ ነበር። እንዲሁ ሲፈልገው ሞተ።»

ባለፈረሱ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርም፤ አፍንጫውም ዓይኑም እኩል ይፈስሳል። ልጁ መሃረብ ፍለጋ ቦርሳዋን በረበረች። የብልጭታ ሚስት እስኪበቃው ጠበቀችው።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ይኸ ማሽን የሚሉት ሁሉን ያያል አሉ። ከዓለም ሻምፒዮንም ይበልጣል አሉ። ጠየቅኸው? የኔ ሰውዬ ያን ሁሉ ዘመን የለፋው ለከንቱ ነው? ወይስ ነበረው መንገዱ?»

ልጅቱ ቦርሳዋን መበርበር ትታ አባቷን አየችው። ቀኑን ሙሉ ከስልኩ ጋር ሲታገል አይታዋለች። የማሽኑን መልስ ሁለቱም ያውቁታል።

«ነበረው» አለ ባለፈረሱ። «ማሽኑ አገኘው። ባልዎ እውነታቸውን ነው፤ መንገድ ነበረው።»

«አሳየኝ» አለች።

ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰሌዳውን አወረደች። አካሄዳቸውን አታውቅም፤ ለማወቅም ፈልጋ አታውቅ፤ ስንት ዓመት በዙሪያቸው አቧራ ስትጠርግ ግን የቆሙበትን ቦታ ለይታለች። ባለፈረሱ ሲደረድር አንድ ወታደር ዘነጋ፤ «እዚያ ጋ አንድ ይቀርሃል» አለችው። አስቀመጠው። ከዚያ ፈረሱን አነሳና ከንጉሡ ፊት አኖረው። ንጉሡ በላው፤ ወደ መሃል ወጣ። ንግሥቷ ተከተለችው። እዚህ ላይ ንጉሡ ወደ ግራ ሲሄድ ነው የሚያመልጠው። ባለፈረሱ ጥቁሩን ንጉሥ ይዞ ትንሽ ቆየና ወደ ቀኝ ወሰደው።

ትናንት ቼዝ የለመደ ልጅ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነበር። የልጅቱ እጅ ከጭኗ ላይ ብድግ አለ። ወዲያው የፀጉሯን ጫፍ ወደ ጆሮዋ ኋላ መለሰችበት።

ግንቡ መጣ፣ ንግሥቷ ተጠጋች፣ ንጉሡ እሜዳው መሃል ላይ ተያዘ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

የብልጭታ ሚስት ጎንበስ ብላ አየችው። ጣቷን በንጉሡ ራስ ላይ አደረገች። «እዚህች ጋ ነበር?» አለች። «ምስኪን! እንዲህ ቅርብ ሆኖ።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺም ታውቂዋለሽ ይላሉ፤ እንዲህ ነው?»

ልጅቱ አባቷን አላየችም። ሰሌዳውን ነው ያየችው። «እንዲህ ነው፣ እማማ» አለች። «በጣም ያምራል። ሌላ ሰው ያን ያህል ዘመን ቢፈልግ ይሰለቸው ነበር።»

ባለፈረሱ ጠጠሮቹን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ ሴትየዋ ያዘችው።

«አታንሳው» አለች። «እንዲህ እንዳለ ተውልኝ።»